መጋረጃ የሌለው ማሳጅ ቤት

ቡታጅራ ውስጥ ሞቶ መነሳት የንግድ ፈቃድ አይጠይቅም፤ የሰው ወገብ ማሸት ግን ይጠይቃል። ይህን በድፍረት የምናገረው ሁለቱም በአንድ ቀን፣ በአንዲት ጠባብ ክፍል፣ ለዚያውም እኔ ሱቅ ውስጥ ስለሆኑ ነው። ወገባችሁን የሚያማችሁ ካላችሁ ትራስ ደገፍ ብላችሁ አንብቡልኝ። የማያማችሁም ወረፋችሁን ጠብቁ፤ መምጣቱ አይቀርም።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። የተማሪ ዩኒፎርም እሰፋለሁ፣ ሱሪ አሳጥራለሁ፣ ዚፕ እቀይራለሁ። የተሰፋ ልብስ ከመርካቶ በማዳበሪያ እየታጨቀ መምጣት ከጀመረ ወዲህ ሰው እኔን የሚያስታውሰኝ ትምህርት ቤት ሲከፈትና ሱሪው መቀመጫው ላይ ሲተረተር ነው። ሚስት የለኝም። ለምን እንደሌለኝ ላውራ ብል ማሳጁ ጋ ሳንደርስ ይመሽብናል፤ ባጭሩ፣ የሁለት እጮኛ ቀሚስ አጥብቤ ሰፍቻለሁ፣ ሁለቱም ለማስተካከል እንኳ አልተመለሱም።

ሰናይት ታናሽ እህቴ ናት። ቤሩት በኖረችባቸው ዓመታት ግማሽ አካላቸው የማይንቀሳቀስ አንዲት አሮጊት ስታስታምም ነበር። አሮጊቷን ለማሸት ይመላለስ የነበረ ባለሙያ እጇን አይቶ ሥራውን አስተማራት። አገሯ ስትመለስ አዲስ አበባ ኮርስ ወሰደች፣ አንድ ሆቴል ውስጥ ማሳጅ ትሠራ ጀመር፣ ሆቴሉ ተዘጋ። ከዚያ ሻንጣዋንና እንደ ጠረጴዛ የሚታጠፍ የማሳጅ አልጋዋን ሚኒባስ ላይ አስጭና እኔ ቤት መጣች።

እኔ ቤት የመጣችው ወንድሟ ናፍቋት እንዳይመስላችሁ። ልጇ ሊዲያ ያለችው እኔ ጋ ነው። ሰናይት አረብ አገር ስትሄድ ሊዲያ ገና ዳዴ የምትል ሕፃን ነበረች። እናታችን እስካለች እናታችን አሳደገቻት፤ እናታችን ስታርፍ ለእኔ ቀረች። ዛሬ ሁለተኛ ክፍል ናት። እኔን ጋሼ ትለኛለች፣ እናቷን ደግሞ ልክ እንደ ጎረቤት ሰናይት ብላ ትጠራታለች። «እማዬ በያት እንጂ» ስንላት አንገቷን ደፍታ ወደ ጓሮ ትሄዳለች። ሰናይት ትስቃለች። እንዴት ያለ ሳቅ እንደሆነ እኔ አውቃለሁ፤ ሳቁን ጨርሳ ሳህን ለማጠብ ትነሳለች፣ ያልቆሸሸ ሳህን።

አንድ ቀን ሊዲያ ገመድ ስትዘል ቁርጭምጭሚቷ ዞረ። ሰናይት አልጋዋን ዘርግታ አስተኛቻት፣ ቅባት አሙቃ አሸቻት። በማግስቱ እግሯ ድኖ ነበር፤ ልጅቷ ግን ከትምህርት ቤት ስትመለስ ቦርሳዋን ወርውራ፣ ጫማዋን አውልቃ፣ አልጋው ላይ ወጥታ እግሯን ዘረጋች። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየቀኑ ልማዷ ሆነ። ሰናይት ስታሽ፣ ሊዲያ ጣሪያ ስታይ፣ እኔ የስፌት መኪናዬን እንዳልረግጥ ስጠነቀቅ፣ ሦስታችንም ዝም እንላለን። ቤታችን ውስጥ ደስ የሚል ሰዓት ቢኖር ይኸው ነው።

ኤጀንሲው ግን መደወሉን አላቆመም። ቤሩት ሌላ አሮጊት ተገኝታለች። ሰናይት ነገሩን አልደበቀችኝም፤ «ወንድም ጋሼ፣ እዚህ ማሳጅ ቤት ከከፈትኩ አልሄድም። ፈቃዱ ካልወጣ ግን ቁጭ ብዬ የአንተን ክር አልቆርጥም» አለችኝ። እኔም ለጉዳዩ ፊት ፊት የምል ሰው ስለሆንኩ ንግድ ጽሕፈት ቤት ሄድኩ።

የፈቃዱ ኃላፊ አቶ ይበልጣል ከጎጃም ተመድበው የመጡ፣ እዚሁ ወልደው የከበዱ፣ ሰላምታ የማይሰለቻቸው ሰው ናቸው። የቤተሰቤን ጤና አንድ በአንድ ጠይቀው ሲጨርሱ የመጣሁበትን ነገርኳቸው። «ማሳጅ?» አሉና ተነስተው በሩን ዘጉ። መለስ ብለው አሰቡበት መሰለኝ፣ ተነስተው ወለል አድርገው ከፈቱት።

«ወንድሜ፣ ማሳጅ የተገደበ መደብ ነው» አሉኝ። «ለአንድ ቀበሌ ከሁለት በላይ አይፈቀድም።»

«ስንት አለ?»

«አንድ አለ፤ በወረቀት።»

በወረቀት ያለውን እኔም አውቀዋለሁ። አንድ ፀጉር አስተካካይ የሚንቀጠቀጥ ወንበር አስመጥቶ ፈቃዱን ወስዶ ነበር። መብራት ሄዶ ሲመጣ ወንበሩ መንቀጥቀጡን ተወ። ዛሬ ወረፋ የሚጠብቅ ሰው ስልኩን ሲነካካ የሚቀመጥበት እሱ ላይ ነው፤ በመንግሥት ዘንድ ግን አንድ ሙሉ ማሳጅ ቤት ነው።

«ታዲያ ሁለተኛው ለእኛ ይሁና።»

«የለም፣ የለም፣ አይቸኩሉ። እህትዎ ወጌሻ ከሆኑ እኮ ጉዳዩ የጤና ነው፤ ባህላዊ ሕክምና ነው።»

ጤና ጽሕፈት ቤት ሄድን። እዚያ ያለችው ባለሙያ ሰናይትን ከላይ እስከ ታች አይታ «የተሰበረ አጥንት ትጠግኛለሽ?» አለቻት። «አልጠግንም።» «ወለምታ ትመልሻለሽ?» «የልጄን መልሻለሁ።» «ለልጅሽ ፈቃድ አያስፈልግም። አጥንት ካልነካሽ ሥጋ ነው የምትነኪው፤ ሥጋ የንግድ ነው» ብላ መለሰችን። ሥጋ የንግድ መሆኑን ከልኳንዳ በር ላይ አይቼ አውቅ ነበር፤ የሰውም እንደሆነ ያን ዕለት ተማርኩ።

ወልቂጤስ አልሞከራችሁም የምትሉኝ ትኖራላችሁ። ሰናይት ሄዳለች፤ ኮታው ሞልቶ ጠበቃት። ቆሼ ደግሞ ማሳጅ የሚባል መደብ እስከ ዛሬ የጠየቀ ሰው ስላልነበረ መፍቀድም መከልከልም አይቻልም አሏት። ከሦስቱ ከተሞች የቆሼው መልስ ነው እስካሁን ሌሊት ሌሊት የሚያነጋግረኝ።

ወደ አቶ ይበልጣል ተመለስን፣ መስፈርቱንም ነገሩን። ከቤተ ክርስቲያን፣ ከመስጊድና ከትምህርት ቤት መራቅ አለበት። ቡታጅራ ላይ ከአንዱ አጥር ስትርቁ ሌላው አጥር ይቀበላችኋል፤ የሆነ ሆኖ ሊለኩ መጡ። የጽሕፈት ቤቱ ረጅም ሜትር ማን እጅ እንደቀረ ስላልታወቀ የእኔን ተዋሱ። የእኔ ሜትር የሰው ወገብ ለመለካት የተሠራች አጭር ናት። አቶ ይበልጣል አንዱን ጫፍ ይዘው ቁጢጥ፣ እኔ ሌላውን ይዤ ቁጢጥ፣ ብድግ፣ ቁጢጥ፣ ብድግ፣ እንዲህ እያልን ከመስጊዱ አጥር ወደ ሱቄ ስንመጣ መንገደኛው ቆሞ ያየናል። «ለአስፋልቱ ሱሪ ልትሰፋለት ነው?» ያለኝም አለ። መሃል ላይ ባጃጅ ሜትሯ ላይ ወጣባት፣ ቁጥሩ ጠፋን። ፀሐዩም ከረር ብሎ ነበር። አቶ ይበልጣል ላባቸውን ጠርገው «ይሁን፣ ይርቃል» አሉ።

የቀረውን ሱቄ በር ላይ ቆመው ዘረዘሩልን። በሩ መስታወት ይሆናል። መጋረጃ አይኖረውም። ከውስጥ አይቆለፍም። ተገልጋዩ በነጭ ጨርቅ ይሸፈናል። በመጨረሻም የሰፈሩ ዕድር አንቃወምም ብሎ ይፈርማል።

«መስታወቱ ለምንድነው?» አልኳቸው።

«ሕዝቡ እንዲያይ ነዋ።»

«ምን እንዲያይ?»

«ምንም እንደሌለ እንዲያይ።»

ሱቄን በቺፑድ ለሁለት ከፈልኩት። በወዲህኛው እኔና የስፌት መኪናዬ ቀረን፣ በወዲያኛው የሰናይት አልጋ ተዘረጋ። በእሷ በኩል ወደ መንገድ የሚያየውን በር አስነቅዬ መስታወት አስገባሁ። ነጩን ጨርቅ በተመለከተ ባለሙያው እኔ ነኝ ብዬ ሰናይትን አላማከርኳትም። ገበያ ወርጄ አቡጀዲ አስቆረጥኩ። ባለ ሱቁ ቁመት ስነግረው ፊቱን አከፋና «ነፍስ ይማር፣ ማን ነው?» አለኝ። «ለማሳጅ ነው» አልኩት። ፊቱን የባሰ አከፋና ዝም ብሎ ቆረጠልኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ጨርቅ የነካሁ ሰው፣ በዚህ አገር ሰው ከአንገት እስከ እግሩ አቡጀዲ የሚለብሰው መቼ እንደሆነ ያን ጊዜ ትዝ ሊለኝ ይገባ ነበር። ዙሪያውን ቀምቅሜ፣ በካውያ ተኩሼ አልጋው ላይ አጣጥፌ አስቀመጥኩት፤ እንዲያውም አማረኝ።

የቀረን የዕድሩ ፊርማ ነው። የዕድራችን ዳኛ ጋሽ ወልዴ በጉልምስናቸው እህል ነጋዴ ነበሩ። ኩንታል የተሸከሙበት ወገብ አሁን አርጅቶ ከዳሌያቸው ተነስቶ እስከ ተረከዛቸው እየጠዘጠዘ እንቅልፍ ነስቷቸዋል። አንድ እግራቸው አጠር ስላለ የግራ ጫማቸው ተረከዝ ከፍ ተደርጎ የተሠራ ነው፤ ያን ጫማ የማያውቅ የሰፈር ሰው የለም። ቀብር የዘገየ ሰው ሰበብ አይሰሙም። ልጆቻቸው መርካቶ ባለ ሱቅ ናቸው።

«ስሙ ነው የሚያስፈራው» አሉን። «ማሳጅ ሲባል ሰው ሌላ ሌላ ያስባል። እኔ ያላየሁትን አልፈርምም።»

«ይምጡና ይዩት ጋሽ ወልዴ» አለች ሰናይት።

«ስመጣ ደግሞ ማንም እንዳያየኝ።»

በሩ መስታወት መሆኑን አንዳችንም አልነገርናቸውም። ገበያ ያልሆነ ቀን መርጠው፣ ሰው ምሳ በሚበላበት ሰዓት በጓሮ በኩል መጡ። ጃኬታቸውንና ጫማቸውን ብቻ አውልቀው በደረታቸው ተኙ። ሰናይት በልብሳቸው ላይ ማሸት ስትጀምር መጀመሪያ አቃሰቱ፣ ቀጥለው ተነፈሱ፣ ከዚያ ቀና ሲሉ መንገዱን በመስታወቱ አዩት። መንገዱም እሳቸውን። «ኧረ በሞቴ!» አሉና ተገልብጠው አቡጀዲውን እስከ ፀጉራቸው ሳቡት። ከውስጥ ሆነው ወደ ቺፑዱ ጮሁ፤ «አንተ ሰፊው! ማን ነው ቢሉህ ወልዴ ነው እንዳትል!»

«በእናቴ አልናገርም» አልኳቸው።

ብዙም ሳይቆዩ እንቅልፍ ወሰዳቸው። አያንኮራፉም፤ ዳኛ ስለሆኑ ይመስለኛል። ሰናይት ብቅ ብላ «ወንድም ጋሼ፣ ሊዲያን ከትምህርት ቤት ላምጣት። እንዳትቀሰቅሳቸው፤ የሚያድናቸው ይኼ እንቅልፍ ነው» ብላኝ ወጣች። ፊቷ በርቶ ነበር። ፊርማው እንዳለቀለት እኔም እሷም አውቀናል። ቤሩት የምትጠብቃት አሮጊት አሳዘነችኝ፤ ሌላ ሰው ይፈልጉላት አልኩ በሆዴ።

የዕድራችን ጡሩንባ ነፊ ከድር የመጣው ይኼን ጊዜ ነው። በመስታወቱ በር ሲያልፍ ቆመ። አልጋ፣ አልጋው ላይ ነጭ አቡጀዲ የለበሰ ሰው፣ ከአልጋው ሥር ያ ተረከዙ ከፍ ያለ ጫማ። በእኔ በኩል ወዳለው በር መጣ።

«አሰላሙ አለይኩም። ማን ነው?» አለኝ በሹክሹክታ።

እኔ የቀሚስ ጫፍ ስይዝ አፌ ሙሉ እስፒል ነው። በዚያ ላይ ምያለሁ። በእጄ ቀስ በል፣ ዝም በል አልኩት።

«ጋሽ ወልዴ ናቸው እንዴ?»

መዋሸት አልችልበትም። አትጠይቀኝ ለማለት ዓይኔን ጨፍኜ ራሴን ወደ ደረቴ ጣልኩ።

«መቼ?»

አሁን ነው የተኙት ለማለት በጣቴ ወደ መሬት አመለከትኩ። ከድር ቆቡን አወለቀ። «ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» አለና በረጅሙ ተነፈሰ። እዚህ ከተማ ተወልጄ ያደግኩ ሰው ነኝ፤ ይህ መቼ እንደሚባል አጥቼው አይደለም። እኔ ግን የመሰለኝ፣ የዕድር ዳኛ ማሳጅ ቤት በመግባታቸው ደንግጦ ነው። እስፒል በአፌ ይዤ ሳቄ መጣብኝ።

ጡሩንባው ሲነፋ ማን ሞቶ ይሆን ብዬ አዘንኩ። ጋሽ ወልዴን ላለመቀስቀስ በእግሬ ጣቶች እየረገጥኩ ወጣሁ፤ ዕድርተኛ ነኝ፣ ጡሩንባ ሰምቶ መቀመጥ አይቻልም። የዕድሩ ዕቃ ቤት ስደርስ ድንኳኑን ጋሪ ላይ እየጫኑ ነው። አንድ ብረት ተሸከምኩ። ቀብር ላይ ትጉህ መሆኔን ጋሽ ወልዴ ቢያዩልኝ ብዬ ሁሉ ተመኘሁ። እየሄድን ጎኔ ያለውን ሰውዬ «ለማን ነው?» አልኩት።

«አልሰማህም? ዳኛው አረፉ እኮ!»

«የትኛው ዳኛ?»

«ስንት ዳኛ አለን? ጋሽ ወልዴ ናቸዋ!»

ይህን የሰማ ጤነኛ ሰው የሚለው ይታወቃል። የለም፣ ተሳስታችኋል፣ እኔ ሱቅ ተኝተዋል ይላል። እኔ ብረቱን ከትከሻዬ ጣልኩ። ከወጣሁ በኋላ ሞተዋል ማለት ነው ብዬ አመንኩ። እኔ ሱቅ፣ በእኔ አቡጀዲ ውስጥ፣ በእህቴ እጅ። ሰናይትን ፖሊስ ሲወስዳት፣ ሊዲያ ቦርሳዋን እንዳዘለች ቆማ ስታይ ታየኝ። ፈራሁ። በሕይወቴ እንደዚያ የፈራሁበት ቀን የለም። ሮጥኩ።

ስደርስ ሰፈሩ በሙሉ መስታወቱ ላይ ተለጥፏል። ሕዝቡ እንዲያይ ተብሎ የተሠራ በር ያን ዕለት የታዘዘውን ሠራ። የጋሽ ወልዴ ባለቤት እትዬ ደስታ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ደረታቸውን ይመታሉ። አቶ ይበልጣልም ዕድርተኛ ናቸውና ከፊት ቆመው ዓይናቸውን ይጠርጋሉ። በወዲያ ማዶ ሰናይት ሊዲያን በእጇ ይዛ መጣች። ሕዝቡን አየች፣ እትዬ ደስታን አየች። የልጅቷን እጅ ለቀቀችና የራሷን እጆች ገልብጣ አየቻቸው። ሌላው ሁሉ ዛሬ ሲያስቀን ይኖራል፤ ሰናይት እጇን ያየችበት ግን እስከ ዛሬ አያስቀኝም።

ከድር እንደ ወጉ ሬሳው ካለበት ደጃፍ ቆሞ አንድ ጊዜ በኃይል ነፋው። ጋሽ ወልዴ ደግሞ ዕድሜያቸውን ሙሉ ጡሩንባ ሲሰሙ ብድግ የሚሉ ሰው ናቸው። ከነአቡጀዲያቸው ብድግ ብለው ተቀመጡ።

«ማን ነው የሞተው? ለእኔ ሳይነገር!»

ከዚያ የሆነውን በቅደም ተከተል መናገር አልችልም። ጩኸት ነበር፣ ሩጫ ነበር፣ ጡሩንባው መሬት ላይ ነበር። አቶ ይበልጣል እጅግ ከመደንገጣቸው የተነሳ ወደ ኋላ መሸሹን ትተው ወደ ፊት ሸሹና መስታወቱን በግንባራቸው አገኙት። መስታወቱ ተሰነጠቀ፤ ግንባራቸው አበጠ፤ አንገታቸው ተቀጨ።

እዚህ ላይ ቢያበቃ ምን ነበረበት! ከድር ግን ትጉህ ነው፣ መርካቶ ደውሎ ነበር። ሰው መሞቱ በስልክ አይነገርም፣ «ትንሽ አሟቸዋል፣ ኑ» ነው ያላቸው፤ ልጆቹም እንደማንኛውም ሰው ትርጉሙ ገብቷቸው ሱቃቸውን ዘግተው ሚኒባስ ተኮናትረው ተነስተዋል። እንግዲህ መመለስ አለባቸው። እትዬ ደስታ ደውለው «ደህና ናቸው፣ ምንም አልሆኑም፣ ተመለሱ» አሏቸው። ይህን ጊዜ ከወዲያ በኩል ለቅሶው ቀለጠ። ደህና ናቸው ተብሎ የተነገረለት ሰው እንደሞተ ማን የማያውቅ አለ? ጋሽ ወልዴ ራሳቸው ስልኩን ተቀብለው «እኔ ነኝ!» ቢሉም ድምፅ የሚያስመስል ሰው የተገኘ መሰላቸው።

ከከተማው ዳር ጀምሮ እያለቀሱ ገቡ። አባታቸው የገዛ ድንኳናቸው በር ላይ ቆመው ተቀበሏቸው። ከዚህ ሁሉ መንገድ የመጣ ሰው ጦሙን አይመለስም፤ ወይፈን ተጣለ፣ ክትፎው ከነቆጮው ቀረበ፣ የሳቀም ያለቀሰም በላ። ጋሽ ወልዴ ሳይበሉ ድንኳኑን ዞር ዞር እያሉ ይቃኙ ነበር። ማን ሳይመጣ እንደቀረ እያዩ ነበር። የቀሩትም ቀላል አልነበሩም፤ ፊታቸው እየጠቆረ ሄደ።

ከቀናት በኋላ ሰናይትና እኔ ይቅርታ ልንጠይቅ ሄድን። ጋሽ ወልዴ ፀሐይ ላይ ተቀምጠው ነበር። ሰናይትን አጠገባቸው አስቀመጧት።

«ልጄ፣ እንደዚያ ተኝቼ አላውቅም» አሏት። «እጅሽ ይባረክ። እግሬም ያን ሰሞን ቀለል ብሎኝ ነበር።»

«ታዲያ ይፈርሙልን፣ ጋሽ ወልዴ።»

«እንዴት ብዬ? መርካቶ ድረስ አባታቸው ማሳጅ ቤት ሞተ ተብሎ ተወርቷል። ልጆቼ አፍረውብኛል። አሁን ብፈርም ምን እባላለሁ? ጊዜ ይለፍ፣ ሰው ይርሳ።»

ጊዜ ለእሳቸው አለ። ሰናይት ግን ጊዜ አልነበራትም። እያወቁት ነው ያሉት፤ ቀና ብለው አላዩንም።

የቀሩን አቶ ይበልጣል ነበሩ። ግንባራቸው ላይ ፕላስተር ለጥፈው፣ አንገታቸውን ማዞር ስላቃታቸው ከነወንበራቸው ወደ እኛ ዞሩ። የቤተሰባችንን ጤና ጠየቁና መስፈርቱ እየተሻሻለ መሆኑን ነገሩን። ጨርቁ ነጭ መሆን የለበትም። ተገልጋዩ ፊቱን መሸፈን የለበትም። አገልግሎት ላይ እያለም መተኛት የለበትም።

«ነጭ ይሁን ያሉት እርስዎ ነዎት» አልኳቸው።

«ነው። ለዚህ እኮ ነው የሚሻሻለው።»

«ሰው እየታሸ እንዳይተኛ ምን ላድርገው?» አለች ሰናይት። «ላዋራው? ልቆንጥጠው?»

«እሱን መመሪያው ይመልሰዋል። ዞን ያየዋል፣ ክልል ያየዋል። እስከዚያው አዲስ ፈቃድ ታግዷል» አሉና አንገታቸውን ሊነቀንቁ ሲሞክሩ «እህህ» ብለው በመዳፋቸው ያዙት።

ሰናይት የታመመ አንገት አይታ መቀመጥ አትችልም። ተነስታ ከኋላቸው ቆመችና ጣቶቿን አሳረፈችባቸው። አቶ ይበልጣል «ኧረ ግድ የለም» ሊሉ ጀምረው መሃል ላይ ተዉት። ዓይናቸው ተከደነ። ከውጭ ባለ ጉዳይ ብቅ ብሎ ነበር፣ እኔ ተነስቼ በሩን ዘጋሁት። ስትጨርስ አንገታቸውን ወደ ግራ አዞሩ፣ ወደ ቀኝ አዞሩ፣ ተገረሙ።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ የኔ እህት» አሉ። ልባቸው ተነክቶ ነበር፣ ክፉ ሰው አይደሉም። «ፈቃዱን ግን እንዳልኳችሁ ነው።»

ሰናይት የሄደችው በማለዳ ነው። ሊዲያ መናኸሪያ አልሄድም አለች፤ ዩኒፎርሟን ለብሳ፣ ቦርሳዋን አዝላ፣ «ቻው ሰናይት» ብላ ትምህርት ቤት ሄደች። እኔ ሻንጣውን አስጫንኩ። ሰናይት በሚኒባሱ መስኮት «አልጋውን እንዳትሸጠው» አለችኝ። አልሸጠውም አልኳት። ሚኒባሱ ሲወጣ ረዳቱ እያየኝ አለቀስኩ፤ ምንም አልመሰለኝም።

የመስታወቱን በር የሚገዛኝ አጥቼ እንደተሰነጠቀ አለ። ከጡሩንባው ቀን ወዲህ በዚያ የሚያልፍ ሰው ሁሉ አንገቱን አስግጎ ወደ ውስጥ ያያል። ማንም አለመሞቱን አረጋግጦ መንገዱን ይቀጥላል።

ሰናይት በሄደችበት ዕለት ከሰዓት በኋላ ሊዲያ ከትምህርት ቤት መጣች። ቦርሳዋን ወረወረች፣ ጫማዋን አወለቀች፣ አልጋው ላይ ወጥታ እግሯን ዘረጋች። የስፌት መኪናውን አቆምኩ። ቀና ብላ አላየችኝም፣ ጣሪያውን ነው የምታየው። ብዙ ጠበቅኳት፣ አልወረደችም። ተነስቼ የሰናይትን የቅባት ጠርሙስ ከመደርደሪያው አወረድኩና እግርጌዋ ሄጄ ቆምኩ።

«ጋሼ፣ ፈቃድ አለህ?» አለችኝ።

«የለኝም» አልኳት።

በመስታወቱ ወደ ውጭ አየች፤ አንድ መንገደኛ አንገቱን አስግጎ እያየን ነበር።

«እንግዲያው ጋርደው።»

ለስንቱ ቤት መጋረጃ ሰፍቻለሁ፤ እኔ ጋ ግን አንድም አልነበረም። አቡጀዲውን አምጥቼ የበሩ እንጨት ላይ በእስፒል ሰካሁት። ክፍሉ ደብዘዝ አለ። ተመልሼ እጄን ቅባት አስነክቼ የእግሯን ጣቶች ስይዝ ሰበሰበቻቸው።

«እንደሱ አይደለም» አለች። «እማዬ ከተረከዝ ነው የምትጀምረው።»

ከተረከዝ ጀመርኩ።